ፌጦ እንደ ብቅል አይደለም

መርሳ ውስጥ ጠላ የሚጠምቅ ሁሉ የአሰለፈችን ብቅል ያውቃል። ሠላሳ ዓመት ገብስ ነክራ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭና አብቅላለች። ሻግቶባት አያውቅም። ስለዚህ ቀበሌው ለሴቶቹ ማኅበር አንድ አሮጌ መጋዘን ሰጥቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ምሳ የሚሆን የፌጦ ቡቃያ አብቅሉ ባለ ጊዜ ሰባቱ አባላት ዞረው ስምንተኛዋን አዩ። ማብቀል ከሆነ ከአሰለፈች ወዲያ ማን አለ?

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ዘሩ ትሪ ላይ ይዘራል። ጣት አክሎ ሁለት ትንንሽ ቅጠል ሲያወጣ ይታጨድና ጥሬውን ንፍሮ ላይ ይነሰነሳል። በበጋ ጎመን ሲጠፋ የልጆቹ ሳህን ላይ ሌላ ለምለም ነገር አይገኝም። የተፈለገው ቫይታሚኑ ነበር።

አሰለፈች እንደምታውቀው አበቀለችው። ሸፈነችው፣ ድንጋይ ጫነችበት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ አርከፈከፈችበት። ቡቃያው ነጣ ብሎ፣ ወደ ቢጫ አድልቶ፣ ረዝሞ ተነሣ። ያየው ሁሉ ቁመቱን አደነቀ። የግብርና ባለሙያዋ ሜሮን ግን ናሙናውን ወልድያ ወስዳ አስመርምራ ወረቀት ይዛ ተመለሰች።

«እትዬ አሰለፈች፣ ውጤቱ ጥሩ አይደለም።»

«ሻግቷል?»

«አልሻገተም። ቫይታሚን ሲ የለውም ቢባል ይቀላል። ከታሰበው ግማሽ እንኳ አልሞላም።»

«ይኼን ያህል ቁመት እያለው?»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ። ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ብርሃን ፍለጋ ተንጠራራ እንጂ አልጠነከረም። ቅጠሉ ቫይታሚኑን የሚሠራው ብርሃን ሲያገኝ ነው።»

አሰለፈች ወረቀቱን አገላብጣ መለሰችላት። «እንዲያው ብቅል ነው ያበቀልሁት በይኛ!»

ቀበሌው አልታገሠም። ሁለተኛው ምርመራ ካልተሻለ መጋዘኑ ሲሚንቶ ይቀመጥበታል ተባለ። ሰባቱ ሴቶች ምርመራውን ሳይጠብቁ አንድ በአንድ መምጣት ተዉ። የቀሩት አሰለፈችና የመጋዘኑ ጥበቃ ሙሄዲን ብቻ ነበሩ።

«ተይው በቃ፤» አላት ሙሄዲን። «ሲሚንቶ ውሃ አጠጪኝ አይልም።»

«አንተ ደግሞ ሲሚንቶውን ስትጠብቅ ሳል ይገድልሃል።»

«ወላሂ፣ እሱስ ልክ ነሽ።» ሳቀና ትሪዎቹን ወደ ደጅ ለማውጣት እጅጌውን ሰበሰበ።

መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ልታውለው አወጣችው። የመርሳ ፀሐይ ምሕረት የለውም፤ ሰባት ሰዓት ላይ ቡቃያው ሁሉ ትሪው ላይ ተኝቶ አገኘችው። አልተበሳጨችም። ደፍታ እንደገና ዘራች።

በሁለተኛው ዙር ዐሥር ትሪ በአንድ ቀን ዘርታ እያንዳንዱን ለየብቻ ያዘችው። አንዱን አንድ ቀን ሸፈነች፣ ሌላውን ሁለት፣ ሌላውን ሦስት። አንዱን እስከ አራት ሰዓት ፀሐይ አሳይታ ወደ ጥላ መለሰች፣ ሌላውን ከነጭራሹ ጥላ ውስጥ አኖረች። የአንዳንዱን ውሃ በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ወደ አንድ ጊዜ ቀነሰች። የሁሉንም ልክ ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፈች። ሜሮን ስትመጣ አሰለፈች ከየትሪው ቆንጥራ እያኘከች ነበር።

«ይኼኛው ይለበልባል። ይኼ ነው ደኅናው።»

«መለብለቡ ሌላ ነገር ነው፣ እትዬ። ቫይታሚን በምላስ አይታወቅም።»

«ታዲያ በምን ልወቀው?»

«ቅጠሉ ሰፋ ካለ፣ ከጠቆረ፣ አገዳው አጠር ካለ ተስፋ አለው። የቀረውን መሣሪያው ይነግረናል።»

አሰለፈች የምላሷን ፍርድ ተወችው። አጎንብሳ ቅጠል ከቅጠል አስተያየች። ሁለት ቀን ተሸፍኖ፣ አምስት ቀን የጠዋት ፀሐይ አይቶ፣ በመጨረሻ ውሃ የተቀነሰበት ትሪ ከሁሉም አጭርና ጥቁር አረንጓዴ ነበር። እሱን ለየች። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች።

«የፊተኛውን እንዴት አድርገሽ ነበር የወሰድሽው?»

«አጭደን፣ አጥበን፣ በፌስታል።»

«ያንኑ ዕለት መረመሩት?»

ሜሮን አመነታች። «በማግሥቱ።»

«በዚህ ሙቀት? ጎመን እንኳ ሲያድር ጎመን አይደለም! እኔ ጨለማ አበላሁት፣ እናንተ ደግሞ አሳደራችሁት።»

ትሪውን ሳታጭድ ከነሥሩ ጭኗ ላይ አድርጋ ሚኒባስ ገባች።

«እማማ፣ እሱ ጣራ ላይ ይውጣ እንጂ፤» አለ ሾፌሩ።

«ቡቃያዬ ጣራ ላይ ከወጣማ እኔም እወጣለሁ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሾፌሩም ሞተሩን አስነሣ። ወልድያ እስኪደርሱ ሻርፗን በመስኮቱ በኩል ዘርግታ ነፋሱን ከለከለችው። ላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ፣ ሲያጭዱትና ወዲያው ሲፈጩት በዓይኗ አይታ ተመለሰች።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን መጣ። ከፊተኛው ከእጥፍ በላይ ነበር። ሜሮን ወረቀቱን ይዛ መጀመሪያ ቀበሌ ሄደች፣ ከዚያ ወደ መጋዘኑ መጣች።

«አንድ ዓመት ፈቅደውልናል፤» አለች። ድምጿ ላይ ቅሬታ ነበር። «ለሁልጊዜ እንዲሆን ብከራከርም አንድ ዓመት ብቻ አሉ።»

«ፌጦ በስምንት ቀን ይደርሳል፤» አለች አሰለፈች። «አንድ ዓመት ስንት ስምንት ቀን እንዳለው አንቺ የተማርሽው ቁጠሪው።»

ከሄዱት ሴቶች አራቱ በዚያው ሳምንት ተመለሱ። አሰለፈች የት ነበራችሁ አላለቻቸውም። ሽፋኑ መቼ እንደሚነሣ፣ ውሃው መቼ እንደሚቀነስ፣ ምሳ ሊቀርብ ስንት ደቂቃ ሲቀረው እንደሚታጨድ ነገረቻቸው። አንዷ እየረሳች ደግማ ደጋግማ ጠየቀቻት። ደግማ ደጋግማ መለሰችላት።