የቀይ ባሕር ውሃ በኮተቤ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ጥርሴን ልታከም መሪ ሠፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የዓሣ ገንዳ አለ፤ የባሕር ዓሣ፣ ከነኮራሉ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ በጠርሙስ ውሃ ስትጨምርበት አየሁና፣ እኔ መቼ አርፌ እቀመጣለሁ፣ «ጨዋማ ነው ወይስ ተራ ውሃ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ተራ ነው አባባ፤ ጨው እኮ አይተንም» አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ጥርሴ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ይህችን ቀላል ነገር በሃያ ሦስት ዓመቴ አላውቃትም ነበር። ያውም ባዮሎጂ ተምሬ!

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሰሜኑ ጦርነት የተፋፋመበት። ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ኮተቤ መንገድ ላይ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ተመደብኩ። አንድ የመጋቢት ቀን ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ፍሥሐ ለሥራ ከወረዱበት ከምጽዋ ሲመለሱ፣ በላስቲክ ከረጢት ሰባት ዓሣ፣ ጥቂት ኮራልና ሃያ ጀሪካን የባሕር ውሃ በጭነት አውሮፕላን አስጭነው መጡ። ለላብ አደሮች ቀን አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊጎበኘን ነበር። «በሩን ሲያልፉ መጀመሪያ የሚያዩት ቀይ ባሕራችንን ይሆናል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ባዮሎጂ ነህ አይደል? ኃላፊነቱ ያንተ ነው» አሉኝ።

እኔ የማውቀው እንቁራሪት መቅደድ ነው። ግን በዚያ ጊዜ ለአለቃው «አላውቅም» የሚል ጀግና የት ይገኛል? መስታወት አስቆርጠን ገንዳ ሠራን፤ አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ገጠምን፤ ውሃው እንዳይበርድ ከላዩ ባለ መቶ ሻማ አምፖል አንጠለጠልን። ኮራሉን ድንጋይ ነው ብለን ስናስቀምጠው በሁለተኛው ቀን ጥቃቅን ጣቶቹን ዘርግቶ መወዛወዝ ጀመረ። ታይፒስቷ አልማዝ «በስመ አብ! ድንጋዩ ነፍስ አለው!» ብላ ስትጮኽ ቢሮው ሁሉ ተሰበሰበ። ደስ ይል ነበር፣ እውነቴን ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰው ሻዩን ይዞ እዚያ ይቆም ነበር።

ሾፌራችን ጋሽ ኑሩ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ጎረቤቴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ ይዘውኝ ይወርዳሉ። ከእንጦጦ የሚመጣው የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ባለቤታቸው በጋዜጣ የጠቀለሉልንን ትኩስ ሳምቡሳ እየበላን፣ እሳቸው አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የነዱበትን ዘመን ያጫውቱኛል። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ፣ ያ ቁልቁለት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

መጋቢት ደረቅ ነው፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። የገንዳው ውሃ በየቀኑ ይጎድላል፣ እኔም በየቀኑ ከጀሪካኑ የባሕር ውሃ እሞላለሁ። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋገረ። አንድ ቀን ጋሽ ኑሩ ቅርፊቱን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት።

«መምህሬ፣ ይሄ ጨው ነው። አሰብ ጨው ሲያወጡ ስንት ዓመት አይቻለሁ። ውሃውን ፀሐይ ይወስደዋል፣ ጨው ይቀራል። አንተ በጨው ላይ ጨው እየደረብክ ነው። ተራ ውሃ ጨምርበት።»

«ጋሽ ኑሩ፣ ይሄ ሳይንስ ነው፤ እርስዎ መሪዎን ይያዙ» አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ።

ሳቁ። «እሺ፣ የተማረ ይግደለኝ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

በሳምንቱ ኮራሉ ጣቶቹን ሰበሰበና አልዘረጋም። ቀጥሎ ቢጫው ዓሣ ሞተ፤ ከዚያ ሁለቱ ጥቋቁሮች። ጓድ ፍሥሐ ጠዋት ጠዋት ገንዳው ፊት ይቆሙና ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ይሄዳሉ። ሻይ ይዞ የሚቆም ሰው ጠፋ፤ እንዲያውም በዚያ በኩል ላለማለፍ በጓሮ የሚዞር መጣ። «አሻጥር» የሚለው ቃል መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም። በዚያ ዘመን ይህ ቃል አንዴ ከተነገረ ሰው ሳይበላ አይመለስም ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ኑሩ ጨክነው ሁለት ጆግ የቧንቧ ውሃ ገንዳው ውስጥ ጨመሩ። ዘበኛው አያቸው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ፣ በጎኑ ተኝቶ የነበረው ብርቱካናማው ዓሣ ተነሥቶ ይዋኛል! ያን ጊዜ ገባኝ። ስገድላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ በጣም ደክመው የነበሩ ሌሎች ሁለት ሞቱ።

ዓርብ የውይይት ክበብ ነበረን፤ እየተነሡ ሂስና ግለ ሂስ ማድረግ ግዴታ ነው። በሩ ላይ አልማዝ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ወንድሜ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ።

«አምስት ሞተዋል» አሉ ጓድ ፍሥሐ። «ቀይ ባሕራችን ላይ የቧንቧ ውሃ የደፋው ማነው?»

ጋሽ ኑሩ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ። «እኔ ነኝ ጓድ። ጨው በዝቶባቸው ነው። ልጁን ጠይቁት፤ እሱ የተማረ ነው፣ ያውቃል።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ባዮሎጂ ምን ይላል?» አሉ ጓድ ፍሥሐ።

«የባሕር ዓሣ የሚኖረው በጨዋማ ውሃ ነው» አልኩ።

ውሸት አይደለም። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ጋሽ ኑሩ ትንሽ አዩኝ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ እሱ ነው የገደለኝ። ከዚያ ተቀመጡ። ስንወጣ ፒካፑ አጠገብ ሁለት ሰዎች ይጠብቁ ነበር። ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥተው አብረዋቸው ሄዱ።

ያን ቀን ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ነበር። «ጋሽህ ምነው ቆየ?» አሉኝ። «መስክ ወጥተዋል» አልኳቸው።

ከማግስቱ ጀምሮ ክሎሪኑ እንዲተን ያሳደርኩትን ተራ የቧንቧ ውሃ መጨመር ያዝኩ። ሁለቱ ዓሣዎች ዳኑ። ባለሥልጣኑ መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ እጄን ጨበጡኝ። የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እኔም እጅ ነሣሁ።

ጋሽ ኑሩ ከዓመት በላይ ቆይተው ተፈቱ። የስንብት ደብዳቤያቸውን ሊወስዱ ሲመጡ አንድ እግራቸውን ይጎትቱ ነበር። ገንዳው ፊት ቆሙ።

«አሁን የቱን ውሃ ነው የምትጨምርለት?»

«ተራውን» አልኩ።

«ደግ አደረግህ» ብለው ወጡ። ተከትያቸው በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፌ ላይ አድርሼው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ቆሜ ቀረሁ። በዚያው ክረምት ቤታቸውን ለቀው ሄዱ፤ ወዴት እንደሄዱ አልጠየቅሁም።

ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በየግብዣው «ያንን የዓሣውን ንገረን» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። በጭነት አውሮፕላን ስለመጣው ባሕር እነግራቸዋለሁ፤ የጓድ ፍሥሐን ድምፅ አስመስላለሁ፤ የባለሥልጣኑን አጎነባበስ ተነሥቼ አሳያለሁ። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ልጆቼ በቃላቸው ይዘውታል፤ አንድ ነገር ብዘል ያርሙኛል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን ሾፌር የለም።