ለቅዳሴ ብዬ ያቆየሁት ደም

በዐውደ ምሕረት ቆሜ ምእመናን ደም እንዲለግሱ በመከርሁ ቁጥር፣ «አባታችን፣ እርስዎስ ሰጥተዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። «ሰጥቻለሁ፤ ግን ዘግይቼ ነው የጀመርሁት» እላለሁ። ምን ያህል እንደ ዘገየሁ ግን ተናግሬ አላውቅም።

በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ገና በወጣትነቴ፣ በአንኮበር አጥቢያ ቄስ ነበርሁ። በትምህርት ዘመኔ ስንቅ እያቀበለች ያስተማረችኝ ታላቅ እኅቴ ፅንስ ወርዶባት ደሟ አልቆም ብሎ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ተኛች። ቅዳሜ ረፋድ የሐኪም ቤቱ ድሬሰር፣ መርፌ ወጊው፣ የቤተ ዘመዱን ሁሉ ደም መርምሮ፣ «የሚስማማው የእርስዎ ብቻ ነው፤ ክንድዎን ይስጡኝ» አለኝ።

እኔ ግን ሰሞነኛ ነበርሁ፤ የእሑዱን ቅዳሴ የምቀድሰው እኔ ነኝ። ደሙ የፈሰሰ ካህን መቅደስ እንደማይገባ ተምሬአለሁ፤ የመርፌው ቁስል እስከ ነገ ያግደኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሳላስፈቅድ መስጠቱን ፈራሁ።

«እቴቴ፣ የንስሐ አባቴን ጠይቄ ልምጣ» አልኋት።

ከንፈሯ ነጥቶ ሳለ ሣቀች። «ሂድ፣ ወንድምዓለም። በጾም ያለቀ ደምህ ቢመጣም አይጠቅመኝ ይሆናል።»

በጭነት መኪና ወደ አንኮበር፣ እስከ ጎረቤላ ወረድሁ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ንስሐ አባቴ ቤት ገሰገስሁ። ነገሩን ሰምተው ከመደባቸው ተነሡ።

«ይህን ልትጠይቀኝ ነው ጥለሃት የመጣኸው?»

«ቅዳሴው እንዳይታጎል ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ቅዳሴውን እኔ እገባልሃለሁ። ክንድህን እዚያው ትተህላት ብትመጣ ምን ነበረበት! በል ሩጥ!»

ጉሙ መንገዱን ስለ ዘጋው የሚመለስ መኪና አልነበረም። ሌሊቱን ሁሉ በእግሬ ተጓዝሁ። እሑድ ረፋድ ስደርስ አልጋዋ ተነጥፏል፤ ነጠላዋ ታጥፎ በራስጌው ተቀምጧል። ድሬሰሩ አንገቱን ደፋ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁለት። «ይቅዱልኝ» አልሁት።

«ለማን፣ አባ?»

«ለማንም ይሁን።»

«ማስቀመጫ የለንም» አለ በቀስታ። «የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ እናስጠራዎታለን።»

ደሜን ያቆየሁለትን ቅዳሴ በዚያ ሰዓት ሌላ ካህን ቀድሶ ጨርሶ ነበር። እኔ ግን ክንዴን እንደ ዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ፤ በመጨረሻ እጅጌዬን ያወረደልኝ ድሬሰሩ ነው።