የፊቷና የኋላዋ

ልጆቼ መንታ ናቸው። እኔም መንታ ነኝ፤ በዘራችን ይመላለሳል። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱም ሥራ ቦታዬ ድረስ መጡና፣ በቴሌቪዥን ሁለት ሁለት እየሆኑ ለሚወዳደሩበት ነገር ሊመዘገቡ እንደሆነ ነገሩኝ። በየሳምንቱ የተሸነፉት ይሰናበታሉ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ብሩን ይወስዳሉ። የምታወራው ሳምራዊት ናት። ሜሮን ከኋላዋ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«እማ፣ አንቺ ፈርሚልን ብቻ። ዕድሜያችን ስላልደረሰ ነው» አለች ሳምራዊት።

«እዚያ ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ያሉንን። እንጨፍራለን፣ ጥያቄ እንመልሳለን፣ ገመድ ላይ እንሄዳለን። ደግሞ መንታ ስለሆንን ሕዝቡ ይወደናል።»

«ነገ እነግራችኋለሁ» ብዬ አሰናበትኳቸው።

እኔ ፈሪ ነኝ። በልጅነቴ እንዲህ አልነበርኩም፤ ከወለድኩ ወዲህ ግን ስልክ ሲጮህ ያስደነግጠኛል፣ ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ልቤ ይዘላል። ልጆቼ ገመዱን የፈራሁ መስሏቸው ይሆናል። የፈራሁት ሌላ ነው። እኔና እህቴ ዓለሚቱ በእነሱ ዕድሜ ሳለን ገንዘብ ላለበት ውድድር አብረን ቀርበን እናውቃለን። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ያኔ ይህችን የምንኖርባትን ከተማ አዋሳ ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ከወላይታ መጥቶ ሐይቁ ዳር የቀረ ዓሣ አስጋሪ ነበር። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች፣ ከሦስተኛ ክፍል አስወጥቶ ጀልባው ላይ አወጣን። ማታ መረብ እንጥላለን፤ ጎህ ሲቀድ እንስባለን፤ ከዚያ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ተቀምጠን ዓሣ ስንበልት እንውላለን። የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ፀጉራችን ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ አሞራዎች፣ አንጀቱን ስንጥልላቸው እንደ ሽማግሌ እያዘገሙ ይመጣሉ።

አባባ ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤቶች ስለተዘጉ ዝማሬውን የሚዘምረው የቀበሌ ጆሮ የማይደርስበት፣ ሐይቁ መሃል ነበር። እሱ መሃል ተቀምጦ መረቡን እየሳበ ሲያዜም፣ ዓለሚቱ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን እንቀዝፋለን። የፊተኛዋ ሥራ ጉልበት ነው። የኋለኛዋ ግን እየቀዘፈች ጀልባውን ትመራለች፤ ታዞራለች፣ ታስተካክላለች። አባባ ጀልባ ላይ በስም ጠርቶን አያውቅም። ዞር ብሎም አያይም። «የፊቷ፣ ቀስ በይ፤ የኋላዋ፣ ወደ ግራ» ነው። ሲቆይ መሬት ላይም እንዲሁ ይጠራን ጀመር፤ «ብዙዬ» የምትለኝ ዓለሚቱ ብቻ ነበረች።

ዓለሚቱ ፊት በመቀመጧ እቀና ነበር። ጀልባው ዳር ሲደርስ ቀድማ የምትዘለው ዓለሚቱ ናት፤ ገዢዎቹ የሚያዩት እሷን ነው። አንዷ ሸንኮራ ስትሰጣት «ለእህትሽም አካፍያት» ትላለች። እኔ ገመድ ሳስር እቆይና ድርሻዬ በእሷ እጅ ይደርሰኛል። ሰው በሌላ ሰው ሲቀና ቢያንስ ምክንያት አያጣም፤ እሷ ቆንጆ ናት ይላል፣ እሷ የሀብታም ልጅ ናት ይላል። የእኔ ግን ምን ልበል? መልኳ የእኔው መልክ፣ ድምጿም የእኔው ድምፅ ነው። እሷ ያገኘችው ነገር ሁሉ በእኔም ልክ የተሰፋ ነበር። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

በአንድ ክረምት አክስታችን ከናዝሬት መጣች። ትምህርት ቤት አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት።

«አንዷን ስጠኝና ላስተምራት» አለችው አባባን። «ግን ባዶ እጇን አትምጣብኝ። ልብሷን፣ ደብተሯን፣ የዓመት ቀለቧን ይዛ ትምጣ።»

«የትኛዋን?»

«አንተ ታውቃለህ። ለእኔ አንድ ናቸው።»

አባባ ያን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ሳለ የዓሣ አስጋሪዎቹ ማኅበር ለአብዮት በዓል የሴቶች የጀልባ ውድድር እንደሚያደርግ ተነገረ። በአንድ ጀልባ ሁለት ሴት። ሁለት ሁለት ጀልባ ይጋጠማል፣ የተሸነፈ ይወጣል። ለአሸናፊዎቹ ሁለት መቶ ብር ይሰጣል፤ በዚያ ዘመን ለእኛ ቤት ያ ብር ናዝሬት ማለት ነበር።

አባባ አስጠራንና «ካሸነፋችሁ አንዳችሁ ትማራለች» አለን። የትኛችን እንደሆነች አልተናገረም። እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤታችን ውስጥ ውኃ የሚቀዳ፣ ሳህን የሚያጥብ ሰው በዛ። እሷ ምንጣፉን ስታራግፍ እኔ ግቢውን እጠርጋለሁ። እኔ የአባባን እግር ሳጥብ እሷ ፎጣ ይዛ ቆማ ትጠብቃለች። ማታ በአንድ ብርድ ልብስ ጀርባ ለጀርባ እንተኛለን።

የውድድሩ ቀን ዝናቡ ካቆመ ገና ቀናት ናቸው። ዳሩ ሁሉ ሣርና ቢጫ አበባ ነበር። ሰው የእሸት በቆሎ እየጋጠ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ቆሟል። ከዳር ራቅ ብሎ በድንጋይ የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ተንሳፍፏል፤ ቀዝፎ ሄዶ፣ እሱን ዞሮ መመለስ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በድምፅ ማጉያው «ጓዲቶች፣ ተዘጋጁ» ይላል።

በመጀመሪያው ዙር በቀላሉ አሸነፍን። ጀሪካኑን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ጀልባዋ ሳትነካው እንደ ድመት ታክካው ዞረች። ስንመለስ ሕዝቡ የሚጮኸው ምን እያለ ነው? «የፊቷ፣ የፊቷ» እያለ። ዓለሚቱ ዘላ ወረደች፣ ሰው ከበባት። እኔ ገመድ አሰርኩ።

«በሚቀጥለው ፊት የምቀመጠው እኔ ነኝ» አልኳት።

«ብዙዬ፣ ምን ነካሽ? የምታዞሪው አንቺ ነሽ እኮ።»

«አንቺስ እጅ የለሽም?»

«አለኝ። ጀሪካኑ ላይ ከወጣን ግን እንዳታለቅሺ።»

በሁለተኛው ዙር ፊት ተቀመጥኩ። ለካ ከፊት ሆነው ሲያዩት ሐይቁ ሌላ ነው፤ ከፊትሽ የሰው ጀርባ የለም። ዓለሚቱ ግን ጀሪካኑ ጋ ስትደርስ ማዞሩ አቃታትና ወደ ጥልቁ ወሰደችን። የተረፍነው ተጋጣሚዎቻችንም በችኮላ መቅዘፊያቸው ከጀሪካኑ ገመድ ጋር ተጠላልፎባቸው ነው። በአንድ ክንድ ያህል ቀድመን ደረስን።

ዓለሚቱ የጀልባውን ውኃ በጣሳ ልትቀዳ ጎንበስ አለች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ውኃው ውስጥ ቆሜ ፊቴን ስታጠብ አባባ መጣ። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘንብላ ከኋላዬ ነበረች፤ በእጁ ዓይኑን ከልሎ ነበር የቀረበኝ። ጀልባው ላይ ፊት የነበረችውን አይቷል። እሱ ደግሞ የሚያውቃት የፊቷ አንድ ናት፣ ዓለሚቱ።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የፊቷ፣ ስሚኝ» አለኝ። «ዛሬ ደክመሻል። አይዞሽ። ናዝሬት የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ ቆርጫለሁ። ለኋላዋ ግን አሁን አትንገሪያት፤ እጇ ይዝላል።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ድምፃችን አንድ ነው ብያለሁ። ራሴን ዳሰስ አድርጎኝ ሄደ። ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነበር፤ ሙቅ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ የታጠበውን ፊቴን እንደገና ታጠብኩ።

ለመጨረሻው ዙር «ኋላ ልመለስ» አልኳት።

«ፊት ወዲያው ሰለቸሽ?»

«ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ።»

የገጠምናቸው እትዬ ጥሩነሽ የሚሏት የዓሣ ነጋዴና የእህቷ ልጅ ነበሩ። እትዬ ጥሩነሽ ክንዷ የወንድ ነው፤ አፏም አያርፍም። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ሲቆሙ «ሊቀ መንበር፣ እነዚህ እኮ አንድ ሰው ናቸው» አለች። «ሁለተኛዋ ትፈለግና እንጋጠም።» ዳር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓለሚቱም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ነፋስ አለው። ማዕበሉ እየመታን ጀሪካኑ ጋ እኩል ደረስን። ከፊቴ የዓለሚቱ ማጅራት አለ፤ ፀጉሯን ሁለት ቦታ ተሠርታ፣ ላቧ በአከርካሪዋ ይወርዳል። እሷ ምንም አታውቅም። መቅዘፊያዬን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ባዘገየው ይበቃ ነበር። ጀልባዋ ዙሯን ታሰፋለች፣ እትዬ ጥሩነሽ ታልፋለች፣ ነፋሱ ነው ይባላል። እግዜርና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

ያኔ አንድ ነገር መጣብኝ። ከተሸነፍን እሷም ትቀራለች። ነገ ጠዋትም፣ ከነገ ወዲያም፣ ጥርሴ እስኪረግፍ ድረስ ይህችው ማጅራት ፊቴ ተቀምጣ ልትኖር ነው። ዳር ስንደርስ ቀድማ ትዘላለች፤ እኔ ገመድ አስራለሁ።

አዞርኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አድርጌ አዙሬ አላውቅም። በሆዴ ሂጂልኝ፣ ሂጂልኝ እያልኩ ቀዘፍኩ። በእያንዳንዱ ምት ከቤት፣ ከብርድ ልብሱ፣ ከአባባ ዓይን ስር አወጣኋት። ክንዴ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። እትዬ ጥሩነሽ ወደ ኋላ ቀረች፤ ስድቧ እንኳን አይሰማም።

ዳር ስንደርስ ሊቀ መንበሩ በማጉያው «የመንታ ፍቅር እንዲህ ነው። ተመልከቱ፣ ሁለት አካል አንድ ልብ» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዓለሚቱ ዞራ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ እጄ ተልጦ ይደማ ነበርና እሱን አየሁ።

በሳምንቱ ዓለሚቱ ሄደች። አውቶብሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች፤ አዲስ ሹራብ ለብሳለች። ራስሽን ስትሄጂ ቆመሽ ማየት ምን እንደሚመስል ለማንም ማስረዳት አልችልም። ፊቴ በመስኮት እጁን እያውለበለበ ወደ ናዝሬት ሄደ፤ እኔ አቧራው ውስጥ ቀረሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከአባባ ጋር ብቻችንን ወጣን። ፊት ባዶ ነበር።

«አባባ፣ ለምን እሷን?»

መረቡን እየሳበ፣ ሳይዞር መለሰልኝ። «አንቺን ብልክ ይህችን ጀልባ ማን ያዞራታል? ፊት የሚቀዝፍ ሰው አይጠፋም።»

«ያን ቀን ውኃው ውስጥ የነገርከው እኮ ለእኔ ነው።»

እጁ መረቡ ላይ ቆመ። ጀልባ ላይ ዞሮ ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እያወቅሽ ነው የቀዘፍሽው?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ለሰው ሁሉ ልጄ ልበ ሰፊ ናት እያለ አወራ። ምን ብዬ ላርመው? በሬም ደህና ቢያርስ ዕረፍት አይሰጡትም፤ ደጋግመው ይጠምዱታል። እኔ የረሳሁትን ፊደል በማታ፣ በመሠረተ ትምህርት ከሽማግሌዎች ጋር እንደገና ቆጠርኩ። ዓለሚቱ አስተማሪ ሆነች።

ለበዓል ስትመጣ ሰው አሁንም መልካችንን ያምታታል፤ እጃችንን እስኪጨብጥ ድረስ። አባባ በሞተ ዓመት አብረን ተቀምጠን ሳለ «አንቺን ለራሱ አስቀረሽ፤ የሰጠው እኔን ነው» አለችኝ። «አክስቴ ቤት ሆኜ ብዙዬ ምን ብታደርግ ነው የቀረችው እያልኩ አለቅስ ነበር።»

«በእኔ ቀናሽ?»

«ታዲያስ። ዝማሬውን የምትሰሚው አንቺ ብቻ ነበርሽ።»

እውነቷን ይሆናል። ግን መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ሳያት ዛሬም እቀናባታለሁ። እኔም ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፤ የሚነበብ ስለሌለኝ ነው መነጽር የማላደርገው።

እሑድ ልጆቼ ለመልሱ መጡ። አሁን ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ሜሮን ሳልጠራት ገብታ ድስቱ አጠገብ ቆመች፤ ዓሣው ሊያር ሲል የምታውቀው በድምፁ ነው፤ እኔ እንኳን እንደሷ አልችልም። ሳምራዊት ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

«ብሩን ምን ልታደርጉት ነው?» አልኩ።

«እኩል እንካፈላለን።»

«ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ቢሆንስ?»

ሳምራዊት ሳቀች። «ያኔ አንቺ ትመርጫለሽ፣ እማ።»

እንደ ቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ልቤ ገና ሳልጠይቀው መለሰ። ሳምራዊት ትሂድ፣ ሜሮን ከእኔ ጋር ትቅር አለ። እንዲህ በፍጥነት፣ እንዲህ ያለ ምንም ጭንቀት። ለካ የፈራሁት ይህንን ነበር፤ ሲጠብቀኝ የኖረው እዚሁ፣ የገዛ ደረቴ ውስጥ ነው። አባባም ያን ጊዜ ክፉ ሰው አልነበረም። እንደዚሁ ቀሎት ይሆናል።

ስሜን ፈረምኩ፤ ከፊርማ ሌላ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ከዚያ ሄጄ ከሜሮን እጅ ጭልፋውን ወሰድኩ።

«እማ፣ ሊገለበጥ እኮ ነው።»

«እኔ እገለብጠዋለሁ። አንቺ ከእህትሽ ጋር ሂጂና ተለማመዱ። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ።»

ፊቷ ጠቆረ። ያባረርኳት መሰላት፤ ሳምራዊትን የመረጥኩ መሰላት። እኔ ግን ለራሴ እንዳላስቀራት ነበር። እነሱ አስፋልቱን ተሻግረው ሄዱ፤ ሜሮን ከኋላ። ወደ ድስቱ ስመለስ ዓሣው አንድ ጎኑ ከስሏል። እሱን ለአባ ኮዳዎቹ ጣልኩና ሌላ ጨመርኩ።