ከካራ በእግር፦ ሳያልቅ የማይነገር ቃል

አርብ፣ ኅዳር አጋማሽ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20። ከመገናኛ በሚኒባስ ወደ ካራ ተነሳሁ። የሃምሳ ሰባት ዓመቱ አቶ ገመቹ ቶለራ በማግስቱ ሦስት የውጭ አገር እንግዶችን ከካራ አንስተው፣ በየካ ተራራ አናት ላይ አሻግረው፣ ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ እስካለው አስፋልት በእግር ሊያደርሱ ነው። በሰዓቱ ካደረሱ የአስጎብኚነት ሥራ ያገኛሉ። ካላደረሱ ሥራ የላቸውም፤ በጥበቃ የተቀጠሩበት የሲ.ኤም.ሲ ሕንፃ ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል።

አዘጋጄ ያዘዘኝ ስለ መንገዱ እንድጽፍ ነበር። ስለ ሰውየው የሰማሁት እዚያው ሕንፃ ላይ ከሚኖር ጓደኛዬ ነው። «ጥበቃችን እንግሊዝኛ እየተማረ ነው፤ ሊፍት ውስጥ የገባውን ሁሉ ቃል ይጠይቃል» አለኝ። ስልክ ደወልኩ። አቶ ገመቹ «ና፣ ግን መጀመሪያ አስተማሪዬን አስፈቅድ» አሉኝ።

ኮተቤን ለማለፍ አርባ ደቂቃ ፈጀ። መንገዱ ለሥራ ተቆፍሯል፤ ሚኒባሱ በአንድ ጎማው የእግረኛ መንገድ ላይ እየወጣ ነው የሄደው። ከካራ አደባባይ በስተግራ በእግር ስድስት ደቂቃ እንደሄድኩ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አገኘሁ። የመማሪያ ክፍሉ ከመደብሩ ጀርባ፣ ከቧንቧና ከቀለም ጣሳዎች መካከል ነው።

አርብ 10 ሰዓት ከ10፣ ከመደብሩ ጀርባ

አስተማሪዋ ሂክማ ትባላለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። መደብሩ የአባቷ ነው። አርብ ከሰዓት ለሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች በነፃ ታስተምራለች። ያን ቀን አራት ተማሪዎች ነበሩ። በነጩ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቃል ጽፋለች፤ ሲነበብ «ፑል ኦፍ» ነው።

«ፑል መጎተት ነው» አሉ አቶ ገመቹ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ የጥበቃ ሸሚዛቸውን አልቀየሩም። «ኦፍ ደግሞ መብራት ስናጠፋ የምንለው ነው። ጎትቶ የሚያጠፋ ሰው ምኑ ይመሰገናል?»

«አይለያዩት ጋሼ፤ ሥራው አንድ ላይ ነው» አለች ሂክማ። «ከባድ ነገር አለ እንበል። ሰው ሁሉ አይሆንም ብሎታል። እርስዎ አደረጉት። ያኔ ነው የሚባለው። ምሳሌ ስጡኝ።»

የባጃጅ ሹፌሩ ቀደመ። «ባለፈው ሳምንት ያለ ፍሬን ከዳገቱ ወረድኩ።»

«እሱ ወንጀል ነው!»

«ታዲያ ሰው ሁሉ አይሆንም ብሎት ነበር።» ክፍሉ ሳቀ።

አቶ ገመቹ ተራቸው ሲደርስ ስለ ጎረቤታቸው ተናገሩ። ባሏ የሞተባት ሴት አምስት ልጆች አሳድጋ፣ ሁሉንም አስተምራለች። ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ እስኪጨርሱ ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደባቸው፤ ማንም አላቋረጣቸውም።

«ጥሩ ነው። አሁን ስለ ራስዎ» አለች ሂክማ።

«ስለ ራሴ ሌላ ሰው ይበል።»

«ነገ ግን ቢኒያም ይጠይቅዎታል።» ቢኒያም የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ከሂክማ ጋር አብሮ ተምሯል፤ ፈተናውንም ያስገኘችላቸው እሷ ናት። «በዚህችው ቃል ይጠይቅዎታል፤ ነግሮኛል። ‹ይወጡታል ወይ?› ሲልዎ ‹የስ፣ አይ ካን› ይበሉ። በሉ እስቲ።»

«የስ፣ አይ ካን» አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

«ቃሉን እለዋለሁ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ነገን ግን የማውቀው እኔ አይደለሁም።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ካራ

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ሻይና ቦምቦሊኖ በሰላሳ አምስት ብር ቁርስ አደረግሁ። እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ፦ ከአየርላንድ የመጣች ብሪጅት የምትባል ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ወንድሟና የወንድሟ ሚስት። ሦስቱም ከስልሳ በላይ ናቸው። ያው ቅዳሜ ከሰዓት በረራ አላቸው፤ መኪናው ከላይኛው አስፋልት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ቢኒያም የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ማስታወሻ ደብተር ይዟል፤ እንደ ፈታኝ አብሮን ይሄዳል፤ አይረዳም።

በእንግዶቹ ፊት በእንግሊዝኛ ጠየቃቸው። ቃሉ ሂክማ እንዳለችው ነበር። አቶ ገመቹ ቀና ብለው ተራራውን አዩ።

«ጎድ ኖውስ» አሉ።

ብሪጅት ሳቀች። ቢኒያም አልሳቀም፤ ጻፈ። ወደ እኔ ዘወር ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔ ‹እግዜር ያውቃል› ለሚል ሰው እንግዳ አደራ ልስጥ?» አለኝ። አቶ ገመቹ ሰምተውታል። ዱላቸውን አነሱና መንገድ ጀመሩ።

2 ሰዓት ከ30፣ አቀበቱ

ከመጨረሻዎቹ ቤቶች በላይ የታጨደ የገብስ ማሳ አለ፤ ከዚያ ባሕር ዛፍ ይጀምራል። አቶ ገመቹ ቀጥ ያለውን አቋራጭ ትተው የሚጠማዘዘውን የአህያ መንገድ ያዙ። ብሪጅት ለምን ብላ ስትጠይቅ «ዶንኪ፣ ጉድ ቲቸር» አሉ። የተጫነች አህያ ዳገት የምትወጣበትን ማዕዘን እሳቸው ከልጅነታቸው ያውቁታል። ብሪጅት አንድ ጉልበቷን ያማታል፤ ሳትናገር ነው ያወቁባት። ዱላቸውን ሰጧት። ከዚያ በኋላ እርምጃቸውን በእሷ ልክ አደረጉ፤ ቀሪዎቻችን ያን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

በየተወሰነ ርቀት ዘወር ይላሉ፤ ግን አይቆጥሩም። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰው አይቆጠርም። የጎደለ ነው የሚፈለገው።»

3 ሰዓት ከ20 ላይ አናቱ ላይ ወጣን። ከበታች ካራና ኮተቤ፣ ወደ ደቡብ ሲ.ኤም.ሲ፣ ከሩቁ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይታያል። ዱላው ብሪጅት ጋ ስለሆነ አቶ ገመቹ በአገጫቸው አንድ የውኃ ታንከር አመለከቱ። «ማይ ፋርም» አሉ። ታንከሩ የቆመው በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ነው። የብሪጅት ወንድም ፎቶ ሊያነሳቸው ጠየቀ። ተነሱ፤ ታንከሩ ከኋላቸው እንዲገባ ራሳቸው ቦታ መረጡ።

4 ሰዓት ከ15፣ ድንኳኑ

ከአናቱ ወደ ምዕራብ ስንሄድ ከጥዱ ደን ባሻገር ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር አለች። መንገዱ በሁለት የአጣና አጥር መካከል ያልፋል። መንገዱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ሰዎች በአግዳሚ ወንበር ተቀምጠዋል።

ቢኒያም ሰዓቱን አየ። ፈታኝ መሆኑንም ረሳ። «ጋሼ፣ በጓሮ እንለፍ። ያ በር ክፍት ነው።»

«ለቅሶ ቤት በጓሮ ይታለፋል?»

«አያውቁንም እኮ! ሟቹን ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ሰው ግን ነው።»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱን እኔ እመልሰዋለሁ፣ ልጄ። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

ወደ እንግዶቹ ዞሩ። የሐዘን ቃል በእንግሊዝኛ አላጠኑም። «ዚስ ሃውስ፣ ዋን ማን ፊኒሽ። ዊ ሲት። ኖ ፎቶ» አሉ። ሁሉም ተረዱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አቶ ገመቹ በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ አጽናኑ፤ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ንፍሮ በሳህን መጣ። ብሪጅት እፍኝ ወስዳ ቀስ ብላ በላች። አንዲት አሮጊት አጠገቧ መጥተው እጇን ያዙ፤ እስክንነሳ አልለቀቋትም። አቶ ገመቹ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ሊነሱ ይችሉ ነበር። አልተነሱም። አንድ ሽማግሌ «እንግዶቻችን መንገደኞች ናቸው፤ ይሂዱ» ብለው እስኪመርቁን ጠበቁ። ስንወጣ 4 ሰዓት ከ40 ሆኗል። ሃያ አምስት ደቂቃ ሄደ። ቢኒያም ገጽ ገልብጦ ጻፈ።

4 ሰዓት ከ50፣ ምርጫው

አቶ ገመቹ ከመንደሩ ወጣ እንዳሉ አቆሙን። በጉዞ ወረቀቱ መሠረት ከዚህ ቀጥሎ ከተማው በሙሉ የሚታይበት ገደል ነበር፤ ጉዞው ለእንግዶቹ የተሸጠውም በዚያ ነው። አቶ ገመቹ አላባበሉም። አንድ እጃቸውን ዘረጉ፦ «ቢግ ሉክ፣ የስ፤ ካር፣ ኖ።» ሌላውን ዘረጉ፦ «ካር፣ የስ፤ ቢግ ሉክ፣ ኖ።» እንግዶቹ ተያዩ። መኪናውን መረጡ።

ስለዚህ በአሮጌው የማገዶ መንገድ በሸለቆው ውስጥ ወረድን። ቁልቁለቱ የረገፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለለበሰ ያንሸራትታል። አቶ ገመቹ በተረከዛቸው አፈሩን እየቆፈሩ ደረጃ ይሠራሉ፤ ከታች ይቆማሉ፤ አንድ በአንድ ይቀበላሉ። የብሪጅት ወንድም ሁለት ጊዜ በመቀመጫው ተንሸራቶ ወረደ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሆን ብሎ ይመስለኛል። የካሜራዬ ቦርሳ ማንገቻ እዚህ ተበጠሰ። አቶ ገመቹ ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው አሰሩልኝ።

5 ሰዓት ከ45 ላይ ሸለቆው ያበቃበት ቦታ ደረስን። አቶ ገመቹ ቆሙ። መንገዱ በግንባታ ቦታ የቆርቆሮ አጥር ተዘግቷል። አጥሩ በሁለቱም በኩል እስከ ገደሉ ይሄዳል፤ አዲስ ነው፤ ሚስማሩ አልዛገም።

«አልነበረም» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ፊታቸው ሲለዋወጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። መመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቢኒያም ደብተሩን አጠፈው።

5 ሰዓት ከ50፣ በሩ

ከቆርቆሮው መካከል ትንሽ በር ነበረች። አንኳኩ። የሠላሳ ዓመት ገደማ ጥበቃ ከፈተ።

«ማለፍ ክልክል ነው።»

ቢኒያም «ቱሪስቶች ናቸው፣ አውሮፕላን ያመልጣቸዋል» ብሎ ስልኩን አወጣ፤ ለሚያውቀው ሰው ሊደውል ነው። የጥበቃው ፊት ይብሱን ተዘጋ። አቶ ገመቹ ቢኒያምን በክርናቸው ገፋ አደረጉት።

«ወንድሜ፣ እኔም ጥበቃ ነኝ፤ ሲ.ኤም.ሲ። አለቃህ ስንት ሰዓት ይመጣል?»

«ሰባት ሰዓት።»

«ዕቃ ጠፋ ብለው ባንተ እንዳያላክኩ ነው የምትፈራው።»

«እንዴ፣ ታዲያ ሌላ ምን አለ?»

አቶ ገመቹ መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡት። «ይኸው፣ ያዝ። እነዚህን አስፋልት ላይ አድርሼ፣ ሰባት ሳይሞላ በዚሁ በር ተመልሼ እወስዳለሁ። አንድ ሚስማር ቢጎድል ስሜን ታውቀዋለህ።»

ጥበቃው ፎቶውንና ሰውየውን አስተያየ። «ጎንበስ ብላችሁ እለፉ፤ ብረቱ እንዳይመታችሁ» አለ።

6 ሰዓት ከ26፣ አስፋልት

መኪናው ቆሞ ነበር። አራት ደቂቃ ቀርቶናል። ብሪጅት ዱላውን መለሰች፤ የአቶ ገመቹን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ያጠኗትን ቃል፣ ማንም ሳይነግራት፣ ከራሷ አወጣች፦ «ዩ ፑልድ ኢት ኦፍ!»

አቶ ገመቹ ቃሏን ለይተው ሰሙ። ፈገግ አሉ፤ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኖት ፊኒሽ» አሉ፤ ወደ ቆርቆሮው አጥር እያመለከቱ። «ማይ ፔፐር ዜር።»

ቢኒያም ደብተሩን ገለጠ። «ጋሼ፣ ‹እችላለሁ› አላሉም። ለቅሶ ቤት አስገቡን። ዋናውን ቦታ አስቀሩ። አጥር አስከፈቱ። በዚህ ወረቀት ከሄድን ወድቀዋል።»

«እንደጻፍከው ነው» አሉ አቶ ገመቹ። «ውሸት የለበትም።»

ቢኒያም ደብተሩን አጠፈ። «ሰኞ እደውላለሁ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። 6 ሰዓት ከ30 ላይ ተነሱ።

እኔ ከአቶ ገመቹ ጋር ዳገቱን መልሼ ወጣሁ። 6 ሰዓት ከ54 ላይ መታወቂያቸውን ተቀበሉ። ጥበቃው «ሌላ ቀን ግን አይለመድም» አለ፤ «አይለመድም» አሉ። ከበሩ ወደ አስፋልቱ ስንመለስ አቶ ገመቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሂክማ ሰሌዳ ላይ የጻፈቻትን ቃል አንድ ጊዜ አሏት። ግሱ ትክክል ነበር፤ ባለቤቱ ግን «ዊ» ነው። «እኔ» አላሉም።

መልስ

ከፈረንሳይ እስከ ቀበና ወርጄ፣ በሚኒባስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ስልኬ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ቆጥሯል። ማታ ከመተኛቴ በፊት አሮጌ ዘገባዎቼን አገላበጥኩ። «ተሳካ»፣ «በስኬት ተጠናቀቀ» የሚሉትን አየሁ። ብዙዎቹን የጻፍኳቸው ሪባን በተቆረጠበት ቀን ነው፤ በማግስቱ የቀረ ነገር ካለ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ እጠይቃለሁ። ይህን ማስታወሻም እስከ ሐሙስ ያቆየሁት ለዚሁ ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ ቢኒያም ለአቶ ገመቹ ደወለ። ረቡዕ የጥበቃ ሸሚዛቸውን አጥበው ለሕንፃው አስረከቡ። ሐሙስ ቢኒያም ቢሮ ሄጄ የሚቀጥለውን ቅዳሜ የጉዞ ወረቀት አየሁ። መነሻ ካራ፣ ጠዋት 1 ሰዓት። እንግዶች ስድስት። አስጎብኚ ገመቹ ቶለራ። የመድረሻ ሰዓቱ 6 ሰዓት ከ30 የነበረው ተሰርዞ፣ በእስክሪብቶ 7 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል።