ከበርጫ መልስ

አባቴ መርሳት መጀመሩን ያወቅነው በጫማ ነው። አንድ ቀን ከመጋላ ሰፈር ሲመለስ የሌላ ሰው ሸበጥ ተጫምቶ ገባ። እናቴ አይታ፣ «የእርስዎ ጫማ የት ሄደ?» ስትለው ጎንበስ ብሎ እግሩን ተመለከተና፣ «ይሄ አይደለም እንዴ?» አላት። ሳቅን። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ የሚጠበው የሌላ ሰው ጥቁር ጫማ አድርጎ፣ ተረከዙን አጥፎ ረግጦት እየጎተተ መጣ። ያን ቀን የሳቀ የለም።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ከሸዋ የመጣ፣ ጾም የማይሽር ክርስቲያን ነው። ከሰዓት በኋላውን የሚያሳልፈው ግን እኛ ካለንበት ከከዚራ ሰፈር አሸዋ የምንለውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ፣ መጋላ፣ አንድ ሐረሪ ልብስ ሰፊ ወዳጁ ቤት ነበር። ድሬዳዋ ፀሐዩ ሲከር ሱቁም ይዘጋል፣ መንገዱም ጭር ይላል። ወንዱ በየበርጫው ይሰበሰብና ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ መከዳ ተደግፎ ጫቱን እየቃመ ወሬውን ሲሰልቅ ይውላል። አባቴም ሲወጣ ደጅ ከተደረደረው ጫማ እግሩ ያገኘውን አጥልቆ ይመጣ ነበር።

ለካ ወዳጆቹ ከኛ ቀድመው ያውቁ ኖሯል። ጫማው የተወሰደበት ሰው ትንፍሽ ሳይል በአባቴ ጫማ ቤቱ ይገባል፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ በነጋታው ጠዋት ጫማውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ልብስ የሚያደርስ መስሎ እኛ ቤት ይመጣና ይቀይረዋል። ጎረቤት እንዳያይብን ነው። እኔ ይህን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም። አባቴን ከኛ የበለጠ የሚሸፍነው ባዳ መሆኑ አንገበገበኝ።

ታላቅ ወንድሜ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ስሙና ክብሩ ከሁሉ ይበልጥበታል። «አባዬ ጃጅቷል፤ ከእንግዲህ ከግቢ አይወጣም» ብሎ ፈረደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አባቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ሰምቶታል። ወንድሜ እውነት አልነበረውም ለማለት ግን አልችልም። የኛ አሸዋ በጋውን ሙሉ ደርቆ ይከርምና፣ ከተማው ጠብታ ሳያይ ከደጋ የወረደ ጎርፍ ድንገት ደርሶ ሰው ጠራርጎ ይወስዳል። መንገዱ መሃል ግራ የገባው ሽማግሌ ምን ሊያደርግ ነው?

በሩ ተቆለፈ። አባቴ በየቀኑ ምሳውን በልቶ ኮቱን ይደርባል፣ እስከ ግቢው በር ይሄዳል፣ ቁልፉን ነካ ነካ ያደርጋል። አይጮህም። «እናንተ ልጆች፣ ሰው እኮ ይጠብቀኛል» ይለንና ተመልሶ ይቀመጣል። እየቆየ ኮቱን መደረቡን ተወ። ምግቡንም ሁለቴ ጎርሶ ይገፋው ጀመር። እርጅና ብቻውን አይመጣም ይባላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የምለው፣ መርሳቱ አባቴን ያን ያህል አልጎዳውም ነበር። አንጀቴን የበላው፣ ሰው እያለው ሰው ማጣቱ ነው።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው ባዶ እጁን መጣ። አባቴን አየና አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ እናቴን ጓዳ ድረስ ተከትሏት ሄደ።

«አቦ እህቴ፣ ሰውዬውን በቁሙ ቀበራችሁት እንዴ?»

«ጎርፍ ይወስደዋል ብለን ነው እንጂ...» አለች እናቴ።

«እሱ አሸዋውን ካልተሻገረ እኛ እንሻገራለና! ወላሂ እሱ ከቀረ በርጫው በርጫ አልሆነም። አንቺ ብቻ ፍቀጂልን።»

አባቴ ከበርጫ ሲመለስ ልብሱን ደጅ ሳያራግፍ እናቴ አታስገባውም ነበር። በዚያ ዘመን እንደሷ ላለች ሴት ጫት ቤቷ ገባ ማለት ሃይማኖቷ ተደፈረ ማለት ነው። ያም ሆኖ፣ «ፍራሽ ይበቃችኋል ወይስ ምንጣፍም ልጨምር?» አለችው።

ማታ ወንድሜ ጮኸ። «ነፍስ አባታችን ምን ይላሉ?»

«ለነፍስ አባቴ እኔ እመልሳለሁ» አለችው እናቴ። «ካልፈለግህ አንተ ከሰዓት በኋላህን ከአባትህ ጋር ተቀመጥ።»

በማግስቱ መጡ፤ ልብስ ሰፊው፣ አንድ ሶማሌ ሸቀጥ ነጋዴ፣ ዋሂል ከሚባል ገጠር የሚመላለስ አንድ ኦሮሞ ማሽላ ነጋዴ። አባቴ ሲያያቸው ፊቱ በራ። ባቡር በረሃ መሃል ተበላሽቶባቸው የሶማሌ አርብቶ አደሮች የግመል ወተት ያጠጧቸውን ታሪክ ጀመረ። ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። ቢሆንም ሶማሌው ነጋዴ፣ «ወሪያ፣ ከዚያስ?» እያለ እንደ አዲስ ያስወራዋል። አባቴ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ያንን ሳቅ ከሰማን ወራት አልፈው ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንግዶቹ ተነሡ። አባቴም አብሮ ተነሣ። ኮቱን ደረበ። «በሉ፣ እኔም ልሂድ፤ ቤት ይጠብቁኛል» አለና ወደ በሩ አመራ።

ትዕግሥት አልፈጠረብኝም፤ «አባዬ፣ ቤትህ እኮ ነው!» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ በጓሮ ዞረችና የግቢው በር ላይ ቀድማው ቆመች።

«ልወስድዎ መጣሁ» አለችው።

አባቴ ባለበት ቆመ። በዕድሜዋ አንድም ቀን መጋላ ሄዳ ጠርታው አታውቅም። ወደ ወዳጆቹ ዞረ። «አያችሁ? የኔዋ ልትወስደኝ መጣች!» አለ። እንዲያ ሲኮራ አይቼው አላውቅም። ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየ።

በከዚራ ዛፎች ሥር ጎን ለጎን ሄዱ። ዱሮ እናቴ ከኋላው ነበር የምትከተለው፤ ያን ቀን ክንዱን ይዛዋለች። መንገዱን እስከ ጥጉ ሄደው፣ ዞረው፣ በዚያው በወጡበት በር ገቡ። «ደረስን» አለችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «እፎይ፤ እንደ ቤት ምን አለ!» አለ። የቀረበለትን ራት ጠርጎ በላ።

«በየቀኑ ልታዞሪው ነው?» አልኳት።

«አባታችሁ ይመጣሉ፣ አይመጡም እያልኩ በር በር ሳይ ነው የኖርኩት» አለችኝ። «አሁን እኔው አመጣቸዋለሁ።»

እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ አባቴ በየማታው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ ገባ።