የልኬ የአዝራር ጣሳ

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት ልኬ ብሎ ነው። ሰው ገና በር ላይ ሲቆም ትከሻና ወገቡን በዓይኗ ለክታ የምትጨርስ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሩን የምታወጣው ደንበኛው ቅር እንዳይለው ብላ ነው።

አሁን ግን ዓይን የማይበቃበት ነገር መጣ። የሙያ ማሠልጠኛው የስፌት አስተማሪ ይፈልጋል፤ ልኬን ደግሞ ያለ ስምንተኛ ክፍል ማስረጃ አይቀጥራትም። እሷ ትምህርት ያቋረጠችው ሰባተኛ ላይ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ሌላውን ሁሉ አለፈች፤ ሒሳብን ግን ፕሮባብሊቲ የሚሉት የዕድል ስሌት ጎትቶ ጣላት። ቅዳሜ በድጋሚው ፈተና ከወደቀች ቦታውን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

ሰነፍ ሆና እንዳይመስላችሁ፤ እውቀት በዝቶባት ነው። ከጣሏት ጥያቄዎች አንዱ "ጣሳ ውስጥ አራት ቀይና ስድስት ነጭ አዝራሮች አሉ፤ ሳይታይ አንድ ቢወጣ ቀይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?" ይላል። ልኬ ያሰበችው የራሷን ጣሳ ነው። በእሷ ጣሳ ቀዮቹ የካፖርት፣ ነጮቹ የሸሚዝ ናቸው፤ ሲነቀነቅ ትልቁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትንሹ ይሰምጣል። "አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው" ብላ ጻፈች። የሒሳብ መምህሩ ሰረዙባት፤ እሷም ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻቸው።

ሐሙስ ከሰዓት ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እናቷን ጣሳው ውስጥ እጇን ከታ አገኘቻት።

"እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"መቶ ጊዜ አወጣሁ፤ ስልሳ አንዱ ቀይ ነው። መምህሬ ይምጡና ይዩ።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። "ይሄ በሙከራ የሚገኘው ዕድል ነው። እሳቸው የጠየቁሽ የንድፈ ሐሳቡን፣ በስሌት ብቻ የሚገኘውን ነው። አዝራሮቹ ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው በይ። ከዚያ ትቆጥሪያለሽ፤ የምትፈልጊው ስንት፣ ጠቅላላው ስንት።"

"እጄን ሳላስገባ?"

"ማንም እጁን ሳያስገባ።"

"አራት ካስር" አለች ልኬ ቀስ ብላ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን፣ ጨርቅ የምትቆርጥባቸውን የወረቀት ፓተርኖች አየች። በወረቀት ላይ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቦርጭ የለው፣ ጉብታ የለው። ያለ እነሱ ግን ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም።

"ይሄንን እኮ ሃያ ዓመት ስሠራው ነው የኖርኩት" አለች። ደስ አላት፤ ትንሽም ተናደደች።

ቅዳሜ የመጣው ጥያቄ ከረጢት ውስጥ ሦስት ትልልቅና ሰባት ትንንሽ ኳሶች አሉ ይላል፤ ትልቅ የማውጣት ዕድሉ ስንት ነው? "ሦስት ካስር" ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ልትሰጥ ስትነሳ ግን ሆዷ እምቢ አላትና ከሥሩ ጨመረችበት፦ "ሁሉም እኩል ዕድል ካላቸው ነው። በእጅ ከሆነ ትልቁ ይቀድማል።" ቤት እስክትደርስ ምነው እጄን በቆረጠው እያለች ሄደች።

ሰኞ መምህሩ ራሳቸው ወረቀቱን ይዘው ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

"እትዬ ልኬ፣ አልፈዋል" አሏት። "ያቺ ከሥር የጻፏት ነገር ደግሞ ትክክል ናት። 'እኩል መጠን ያላቸው' ማለት ነበረብኝ፤ ጥያቄውን አስተካክዬዋለሁ።"

ልኬ አመሰግናለሁ ልትል አፏን ስትከፍት ዓይኗ ኮታቸው ላይ አረፈ።

"ይግቡ እስቲ" አለች፤ "ኮትዎ ትከሻው ላይ ጠቧል።"

ሜትሩን አወጣች። የዚያን ቀን የምሯን ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶት አልለካላት ብሏል።