ሲንና ዲን አንድ ያደረግኩበት ማክሰኞ

ያን ፎልደር አይቼው ነበር ወይስ አላየሁትም?

ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ መልሱን ዛሬም አላገኘሁትም። የምጽፈውን ነገር ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን «ዋሽቻለሁ» ብዬ በጅምላ ነው ያለፍኩት። እሳቸውም በጅምላ ስገጂ ብለው ሸኙኝ፤ እኔም በጅምላ ሰገድኩ። አልቀለለኝም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ፤ በዝርዝር ልናገር።

የምሠራው አቃቂ በሰቃ፣ መንገድ ዳር ባለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ውል እንጽፋለን፣ ሰው ሲሞት ደግሞ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንጽፋለን። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በማታ ትምህርት፣ ለሕፃን በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያስታውቃል። ሌላው ሳያስብ የሚያልፈው አራት ነጥብ ለእኔ በላብ የተገዛ ነው፤ ሲዛባ ዝም ማለት አልችልም። ይህን የምላችሁ ለማመካኘት አይደለም። ምን ዓይነት ሰው እጇን የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ እንዳሳረፈች እንድታውቁ ነው።

አብራኝ የምትሠራው ትርሲት ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የባሰ። «ቲቸር» ትለኛለች። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፤ እየቆየ ስሜ ሆነ። አንዲት ኮምፒውተር ነበረችን፤ አንዳችን ስንጽፍ ሌላችን ኮፒ እናነሣለን። የኮምፒውተሯን ሀርድ ዲስክ ያስተካከለው ሰው ለሁለት ከፍሎት ነበር፣ ሲ እና ዲ ብሎ። ማንም ሳይወስን ሲ የእኔ ሆነ፣ ዲ የእሷ።

ሲ ንጹሕ ነበር። እያንዳንዱ ውል በስሙ፣ እያንዳንዱ ማመልከቻ በቀኑ። ግን ጠባብ ስለነበር ሞላ። ምልክቱ ቀይ ሆነ፤ አንድ ገጽ ለማስቀመጥ ደቂቃዎች መለመን ሆነ ሥራዬ። ከጎኑ ያለው ዲ ግን ሰፊ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ምን አለ? ዘፈን። ድራማ። የማላውቃቸው ሰዎች ሰርግ። «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር ሁለት»፣ ከዚያ ደግሞ ኤሎሄ የሚያሰኘው «ኒው ፎልደር ሁለት ኮፒ»። ሰው እንዴት እንዲህ አድርጎ ይኖራል?

ለሁለት መከፈሉ ጥቅም እንዳለው አውቅ ነበር። አንደኛው ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል ይላሉ። ሁለቱን ለመቀላቀል ደግሞ ዲ መጀመሪያ መጥፋት አለበት፤ ጠፍቶ ባዶ የሆነው ቦታ ነው ወደ ሲ የሚጨመረው። ስለዚህ ሳምንታት ለመንኳት።

«ትርሲት፣ ዲ ላይ ያለሽን ዕቃ አውጪልኝ። አንድ ላደርጋቸው ነው።»

«እሺ ቲቸር፣ ነገ።»

«ትናንትም ነገ ብለሽ ነበር።»

«ታዲያ ቃሌን አልለወጥኩማ!»

ኮፒ ሊያስነሣ የቆመ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ጋሽ ቶላ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት እሳቸው ዘንድ ላለመድረስ ነው።

ጋሽ ቶላ የድሮ ገበሬ ነበሩ። የቤተሰባቸው እርሻ ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ ነበር። እሳቸውም እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። «በገዛ ጤፍ ማሳዬ ላይ ተንጠልጥዬ» ይላሉ። አንድ ቀን ከዘራቸውን ይዘው መጡና፣ ሲሞቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በቁማቸው ራሳቸው መናገር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ልጆቻቸው የማያውቁት ብዙ ነገር አለ። የትኛው ብሎክ በማን አውድማ ላይ እንደቆመ፣ የትኛው መንገድ የማን የውኃ ምንጭ እንደነበረ፣ ማን ከየት መጥቶ የት እንደተቀበረ። ያን ሁሉ የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። የልጅ ልጆቻቸው ምን ላይ እንደሚራመዱ ይወቁ፣ ፍላጎታቸው ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የመጡት ወደ እኔ ነው። ይህን አትርሱብኝ። ወደ እኔ ነበር የመጡት።

«ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ ይህ የሆነው ከጋብቻዎ በፊት ነው በኋላ?»

«ቡሬ የሚባለው በሬያችን የጠፋ ጊዜ ነው የምልሽ።»

«እሱስ ገብቶኛል፤ ዓመተ ምሕረቱን ቢነግሩኝ ግን በቅደም ተከተል...»

በሦስተኛው ቀን ወንበራቸውን አነሡ። አልተቆጡም። «አስካለ ልጄ፣ አንቺ አዋቂ ነሽ» አሉኝ። «ግን አንቺ ታርሚያለሽ። ያቺ ትሰማለች።» ሄደው ትርሲት አጠገብ ተቀመጡ።

ትርሲት ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ መቅጃውን ከፈተች፤ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሲያወሩ ይውላሉ። «እሺ ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የኛን ብሎክ ይንገሩኝ፣ አሥራ ሰባትን!» ትላለች። «አሥራ ሰባት የነጉርሜሳ አውድማ ነው። ጉርሜሳ ሰነፍ ነበር፤ ለዚህ ነው ሊፍት ያልገባለት!» ይሏታል። ሳቃቸው የኮፒ ማሽኑን ድምፅ ይሸፍነዋል። በሬው ከጋብቻ በፊት ጠፋ፣ በኋላ ጠፋ፣ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ወረቀት እቆርጣለሁ። መጽሐፍ ያነበብኩት እኔ! ቀን ተረከዜ እስኪያብጥ ቆሜ እየሠራሁ ማታ የተማርኩት እኔ!

የትርሲት ስልክ ትንሽ ነበር። በሞላ ቁጥር የቀዳችውን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጣ ከስልኳ ታጠፋዋለች። የምትገለብጠው ወደ ዲ ነው። ይህን አውቅ ነበር? አዎ፣ አውቅ ነበር። ዲ ላይ የት ቦታ፣ በምን ስም እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ወይስ አውቅ ነበር?

ትርሲት ለእኅቷ ሰርግ ደብረ ዘይት ሄደች። ማክሰኞ ጧት አንድ ሰውዬ የቤት ኪራይ ውል ሊያጽፍ መጣ። ጽፌ ጨረስኩ፤ ኮምፒውተሩ ቦታ የለኝም ብሎ አላስቀምጥም አለ። እንደገና ጻፍኩ። እንደገና እምቢ አለ። ሰውዬው ባንኮኒውን በቁልፉ ኳ ኳ ያደርጋል። ተውኩት እንጂ መጮኽ ቃጥቶኝ ነበር። ሰውዬው ተናዶ ሲወጣ ዲን ከፈትኩና የደንበኛ ሥራ የሚመስሉትን ሁሉ በፍላሽ ገለበጥኩ። የቀረው ዝባዝንኬ ነው አልኩ። ዝርዝሩን በዐይኔ ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት።

በዘፈንና በድራማ መካከል «ጋሼ» የሚል ፎልደር ይታየኛል። ዛሬ፣ ዐይኔን ስጨፍን፣ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ግን ያየሁት ያን ጧት ነው? ወይስ ጸጸት በኋላ የሣለው ነው? ጥንቅቅ ያልኩ ሰው ነኝ፤ የተዛነፈ ነጥብ ከሩቅ ነው የማየው። ታዲያ እንዴት አላየሁትም? ካየሁትስ፣ እንዴት እጄ ታዘዘኝ?

ማሽኑ እንኳን ጠይቆኛል። ይህን ካጠፋሽ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል ወይ? አለኝ። ከእኔ ይልቅ ብረቱ ተጠነቀቀ። አዎ የሚለውን ተጫንኩት። ዲ ጠፋ። ባዶውን ቦታ ወደ ሲ ጨመርኩት፤ ቀዩ ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ደስም አለኝ። አልደብቃችሁም፤ ቤቱን ጠርጌ የጨረስኩ ያህል ደስ አለኝ።

ሐሙስ ትርሲት ተመለሰች። ጋሽ ቶላም መጡ። «ቲቸር፣ ዲ የት ሄደ?» ስትለኝ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ፣ «መብራት ሄዶ ሲመለስ ጠፋ» አለ። እኛ ሰፈር መብራት የማይከሰስበት ነገር የለምና አመነችኝ። ሲ ለምን እንደሰፋ የጠየቀ የለም። እሷ ግን መብራቱን አልከሰሰችም፤ ራሷን ነው የከሰሰችው። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሌላ ቦታም መገልበጥ ነበረብኝ» ብላ አለቀሰች። እሳቸው፣ «ምላሴ አልተቆረጠ፣ ምን ያስለቅስሻል? እንደገና እናወራለን» አሏት። እኔ ምን አደረግኩ? ውል እጽፍ ነበር። አንድም ስህተት የሌለበት ውል።

የባሰው ገና ነው። የጠፋ ነገር፣ በላዩ ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ፣ የሚያወጡ ባለሙያዎች እንዳሉ ትርሲት ሰምታ መጣች። ሳሪስ አቦ አንድ ሰው እንዳለም ነገሯት። «አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ እወስደዋለሁ» አልኳት። ኮምፒውተሩን አቅፌ ታክሲ ተሳፈርኩ። የጥገና ቤቱ በር ድረስ ደረስኩ። ሰውየው ገና ሲከፍተው የሰው እጅ ያጠፋው መሆኑን እንደሚያውቅ ገባኝ፤ ደውሎ ይነግራታል። ዞር ብዬ አንድ ጭማቂ ቤት ገባሁ። ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አቮካዶ አዘዝኩ፤ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ተመልሼም፣ «አይወጣም አለ» አልኳት። በማግስቱ ሙሉ ቀን በላዩ ላይ ስጽፍ ዋልኩ። ማክሰኞ የሠራሁትን ችኮላ በሉት። የሳሪሱን ምን ትሉታላችሁ? እኔ ስም አላወጣሁለትም።

ጋሽ ቶላ እንደገና ሞከሩ። ግን በክረምቱ ታመው ተነሡ፤ ከሕመሙ በኋላ ስሞቹ ከአፋቸው እያመለጡ ሄዱ። «አሥራ ሰባት የነ... የነዚያ የሰነፉ ሰውዬ...» ይሉና፣ «ተዪው፣ ዝጊው» ይሏታል። ጉርሜሳ ነው ብዬ ከጀርባቸው መናገር እችል ነበር። ሰምቼ ነበርና። በዚያን ቀን ለማረም አፈርኩ።

ከዚያ ትርሲት ሥራውን ለቀቀች። ጋሽ ቶላ ዐረፉ። ልጃቸው የሕይወት ታሪካቸውን ልታጽፍ ወደ እኔ መጣች፤ ግማሽ ገጽ ጻፍኩላት። ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ፣ በግብርና ሥራ ተሰማሩ፣ የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ቅደም ተከተሉ የጠበቀ፣ ነጥቡ የተስተካከለ። ስሙን ብቻ ብትቀይሩት ለየትኛውም ሟች የሚሆን ወረቀት። ካህኑ ገና መነጽራቸውን ሳያስተካክሉ ተነብቦ አለቀ።

በሣልስቱ ዕለት ገላን ብሎኮቹ መካከል በተተከለው ድንኳን ሄድኩ። ትርሲት ከጋሽ ቶላ ልጅ አጠገብ ተቀምጣለች። «በእኔ ምክንያት ጠፋ እንጂ፣ ስንቱን ነግረውኝ ነበር መሰለሽ» ስትላት ሰማሁ። ልጅቱ እጇን ይዛ ታጽናናታለች። ሐዘንተኛዋ ያልበደለችውን ስታጽናና!

ትርሲትን ወደ ብሎክ አሥራ ሰባት ደረጃ ጠርቼ ነገርኳት። ማክሰኞን፣ መብራቱን፣ ሳሪስን፣ አቮካዶውን ሳይቀር።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ኋላ፣ «አይተሽው ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«በጌታ፣ ቲቸር! ይቺን አታውቂም?»

«አላውቅም፣ ትርሲት።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፣ መቅጃውን ከፈተች፣ በእኔና በእሷ መካከል ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«እንደገና ተናገሪው» አለች። «ከመጀመሪያው። ዛሬውኑ ለጋሼ ልጆች አሰማቸዋለሁ። ከዚያ የሳቸውን፣ አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ የሰማሽውን፣ ያስታወስሽውን ሁሉ።»

ተናገርኩ። ከመካከል ጀመርኩ፤ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ጉርሜሳን ከበሬው ጋር ቀላቀልኩ፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አልኩ። ትርሲት አላቋረጠችኝም። እንዳለ አስቀምጣዋለች፤ አርሚልኝም፣ አጥፊልኝም አላልኳትም።